ከሰዓት በኋላ የሚዥጎረጎረው አልሙኒየም

ነሐሴ በገባበት ዕለት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ እናትዓለም ከኤሌክትሪኩ ገንዳ ያወጣችው አልሙኒየም እንባ እንደወረደበት ፊት ሆኖ ወጣ። ከላይ ወደ ታች ነጣ ያለ መስመር ወርዶበታል፤ ከመስመሩ አጠገብ ደግሞ ጠቆር ያለ ጥላ አለ። በጓንቷ ጠረገችው፤ አልለቀቀም። ጓንቷን አውልቃ በጥፍሯ ፋቀችው፤ አሁንም አልለቀቀም።

«ምን ሆነ?» አለ ሕዝቅኤል ከሰንሰለቱ ማዶ።

«ምንም። ከፋብሪካው ቆሽሾ የመጣ ነው።»

ከፋብሪካው ቆሽሾ እንዳልመጣ ግን ታውቃለች። ጠዋት ከዚያው እስር የተመዘዙት አሥራ ሁለት ዘንጎች እንደረጋ ወተት አንድ ዓይነት ሆነው ወጥተዋል፤ እነሆ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። የጠዋቶቹንና የከሰዓቶቹን ጎን ለጎን ያየ ሰው የአንድ እናት ልጆች ናቸው አይልም።

ቤቱ ከሹም አቦ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለ ትልቅ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ባለቤቱ አቶ ክንዱ የዱርቤቴ ሰው ናቸው፤ በመስኮትና በበር ጀምረው ነው እዚህ የደረሱት። እናትዓለም ደግሞ ከጢስ ዓባይ ወዲህ ካለች መንደር መጥታ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ እዚህ የሶዳ ገንዳ አጠገብ ቆማለች። ትምህርቷ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል። ቁጥር ታውቃለች፣ ስሟን ትጽፋለች፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን «ለሚያውቀው ይሁን» ትላለች። ሶዳውን ግን በጆሮዋ ታውቀዋለች። ብርቱ ሲሆን ይንተከተካል፣ ሲደክም ያንሾካሹካል። ሲያንሾካሹክ ትጨምርለታለች።

ሥራው እንዲህ ነው። አልሙኒየም ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል እንጂ ቅባትም፣ የሰው እጅም፣ የመንገድ ጭረትም አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል። ከዚያ ትኩስ ሶዳ ውስጥ ይነከርና ላይኛው ቆዳው በስሱ ይበላል፤ ጭረቱም አብሮ ይሄዳል። ከሶዳው ወጥቶ ውኃ፣ ከውኃው አሲድ፣ አሲዱ ሶዳው የተወውን ጥላሸት ያነሳለታል፣ እንደገና ውኃ፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ ወዳለበት ገንዳ። ጠንካራ ቆዳ የሚያወጣው እዚያ ነው። ጉድ ካለበትም የሚገለጠው እዚያው ነው። አሥራ ሁለት ዘንግ አንድ ማንጠልጠያ ላይ ታስሮ በፓራንኮ፣ በዚያ በሰንሰለት እየተሳበ ዕቃ በሚያነሳው፣ ከገንዳ ወደ ገንዳ ይሸጋገራል። መብራቱ የሚበቃው ለሁለት ዙር ስለሆነ አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከሰዓት ይነከራል። ሰንሰለቱን የምትስበው እናትዓለም ናት። ሕዝቅኤል ማዶ ሆኖ ማንጠልጠያው እንዳይወዛወዝ ይይዛል።

ያሁኖቹ ዘንጎች ለየኔታ መርስዔ ኀዘን ነበሩ። የኔታ በጣና ሐይቅ ካሉት ደሴቶች በአንደኛው የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ገዳሙ አዲስ ዕቃ ቤት ሠርቷል፤ የብራና መጻሕፍቱ ባለመስታወት ሣጥን ውስጥ ሊቀመጡ ነው። እንጨቱን ምስጥና እርጥበት እየበላ ስላስቸገራቸው ክፈፉ አልሙኒየም ይሁን ተባለ። ነሐሴ አሥራ አራት ጀልባ ላይ መጫን አለበት፤ ለአሥራ ስድስቱ በዓል ሕዝብ ይመጣል፤ ያያል።

ዓርብም ጠዋት ጥሩ ወጣ። ዓርብም ከሰዓት ተዥጎረጎረ።

ማህሌት መጣች። ማህሌት ኬሚስቷ ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ እዚህ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ነጭ ጋዋን፣ መነጽር፣ ከኪሷ የማይጠፋ ደብተር። በሰኔ ወር አቶ ክንዱን ወትውታ ለሶዳው ማሞቂያ ያስገባች እሷ ናት። ድሮ ሶዳው ለብ ያለ ስለነበር ዘንጉ ሩብ ሰዓት ይተኛበት ነበር። አሁን አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። እናትዓለም ማሞቂያውን አልወደደችውም። ለምን አልወደድሽውም ቢሏት የምትለው የላትም፤ ብቻ አልወደደችውም።

«እትዬ እናትዓለም፣ ሶዳው ስንት ኪሎ ገባ?»

«እንደ ወትሮው።»

«ወትሮው ስንት ነው?»

«ወትሮው ወትሮ ነው ልጄ። ስምንት ዓመት ስመዝን አንድ ቀን አልተሳሳትሁም። ይልቅ ያንን ማሞቂያሽን ጠይቂው።»

«ማሞቂያው ጠዋትም ከሰዓትም ያው ነው።»

«ሶዳውስ? ጠዋት ሌላ፣ ከሰዓት ሌላ ነው?»

ልጅቱ ደብተሯን አውጥታ ማገላበጥ ያዘች። እናትዓለምም ይህን እንደ መልስ ቆጠረችው።

ማህሌት ግን በዋዛ የምትለቅ አይደለችም። የማጠቢያውን ውኃ ቀዳች፤ ክረምት ነው፣ ውኃው ደፍርሶ ይሆናል ብላ ነው፤ ደህና ሆኖ ተገኘ። አሲዱን ለካች፤ ደህና ነው። የዘንጎቹን እስር ገልብጣ የፋብሪካውን ምልክት አየች፤ ሁሉም አንድ ነው። በመጨረሻ ወደ ሶዳው ተመለሰች። ሶዳው ብዙ አልሙኒየም በልቶ ከብዶት ይሆናል፣ ወይም አመዛዘኑ ተዛብቶ ይሆናል፤ ተደፍቶ አዲስ ይበጥበጥ አለች። ይህን ስትል አቶ ክንዱ በር ላይ ደርሰው ቆመው ነበር።

«አመዛዘኑ ማለት የኔ እጅ ማለት ነው» አለች እናትዓለም።

«እኔ እንደዚያ አላልሁም» አለች ማህሌት።

«ሌላ የሚመዝን አለ? ሕዝቅኤል እንደሆነ ከእንቁላሉ ሌላ አይመዝንም።»

«ደግሞ ወደኔ መጣሽ?» አለ ሕዝቅኤል። የአርባ ምንጭ ሰው ነው፤ ጴንጤ ስለሆነ ፍልሰታን አይጾምም። ምሳውን የሚበላው ግን ጿሚዎቹ እንዳያዩት ጄኔሬተሩ ቤት ገብቶ ነው፤ እናትዓለምም ይህን ስለምታውቅ ነው የምትነካካው።

አቶ ክንዱ አልሳቁም። «የኔታ ዝንጉርጉር ክፈፍ አይቀበሉኝም። ወይ ገንዳው ነው ወይ የሰው እጅ ነው። አንዱ ይለይልኝ» አሉ።

«በኔ እጅ የመጣ ከሆነ» አለች እናትዓለም፣ «ከገንዳው ዞር እላለሁ። ማሸጊያ ቤት ገብቼ ካርቶን እለጥፋለሁ። በያዝሁት ጾም።»

ማንም ማይ ብሎ አላስማላትም። ማሸጊያ ቤት ሦስት ሴቶች ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ፕላስተር የሚለጥፉበት ክፍል ነው። ክፉ ሥራ አይደለም። እናትዓለም ግን ሰንሰለቱን ከያዘች ወዲህ ተቀምጣ ሥራ ሠርታ አታውቅም፤ ባሏም ቢሆን «ያቺ ባለገንዳዋ» እያለ ነው ለጓደኞቹ የሚያወራት። ተናግራ ስታበቃ ምን እንዳለች ገባት። ያለችውን መመለስ ግን የሷ ነገር አይደለም።

ቅዳሜ ሁለቱንም ዙር ነከሩ። ጠዋትም ንጹሕ ወጣ፤ ከሰዓትም ንጹሕ ወጣ። ያው ሶዳ፣ ያው ዘንግ፣ ያው ሰው።

እናትዓለም የከሰዓቱን ዘንግ ተሸክማ ማህሌት ጠረጴዛ ላይ አጋደመችው። «ይኸው ልጄ። ሶዳው ትናንት ማታ ንስሐ ገባ መሰለኝ።»

ማህሌት ዘንጉን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው። ደብተሯን ገለጠች። ሐሙስ ከሰዓት፣ ዓርብ ከሰዓት፤ ቅዳሜ ምንም። «ቅዳሜ ምን ተለየ?» አለች፤ የጠየቀችው እናትዓለምን ሳይሆን ክፍሉን ነው። ሕዝቅኤል በሩ ጋ ቆሞ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ መልሶ ዘጋውና ጓንቱን ማራገፍ ያዘ።

አቶ ክንዱም መጡ፤ ዘንጉን አዩ። «እንግዲያው ሶዳው ደህና ነው» አሉ።

«ደህና ነው አላልሁም?» አለች እናትዓለም።

«ስለዚህ ማሞቂያው ነው። አንዳንዴ ይጎለብታል፣ አንዳንዴ ይደክማል ማለት ነው። እኔም ድሮውንም ልቤ አልተቀበለውም። ማክሰኞ ኤሌክትሪክ ሠሪውን ጠርቼ አስነቅለዋለሁ።»

«ማሞቂያው ዛሬም በርቶ ነበር እኮ» አለች ማህሌት በዝቅታ።

አቶ ክንዱ አልሰሟትም፤ ወይም መስማት አልፈለጉም። ልጅቱ መነጽሯን አውልቃ በጋዋኗ ጫፍ ጠረገችው፤ መልሳ አደረገችው፤ እንደገና አውልቃ ጠረገችው። እናትዓለም አየቻት። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ እንዳሰበችው ግን ደስ አላላትም።

እሑድ አስቀድሳ ስትወጣ ገና ረፋድ ነበር። ለባሏ አሣ ልትገዛ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደች፤ እሱ ጾሙን የሚይዘው ሦስት ቀን ሲቀረው ነው፤ እሷ ደግሞ ታበስልለታለች እንጂ አትቀምስም። ጣና በክረምቱ ውኃ ሞልቶ እስከ ደንገሉ ሥር መጥቷል። ጀልባ ማቆሚያው ላይ የኔታ መርስዔ ኀዘን ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ሻማና ጧፍ ሲያስጭኑ አገኘቻቸው። መስቀል ተሳለመች።

«እናትዓለም፣ የኛ ሣጥን እንዴት ሆነልሽ?»

«ደህና ነው የኔታ።»

«ደህና ማለት ደርሷል ነው ወይስ ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

«እኔ ልጄ ለብራናው ስል ነው። አራት መቶ ዓመት ጠብቆ የቆየ መጽሐፍ ዝንጉርጉር ቤት አስገቡት እንዳንባል።»

ስለ ዝንጉርጉሩ ማን ነገራቸው ብላ ደነገጠች። ማንም አልነገራቸውም፤ እንዲያው አፋቸው ላይ የመጣ ነው። እናትዓለም ግን አሣውን ይዛ እስከ ቤቷ ድረስ ስታሰላስለው ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ለሕዝቅኤል እንዲህ አለችው። «ዛሬ ዓይኔን ከብረቱ ላይ አልነቅልም። ከሳሙናው እስከ መጨረሻው ውኃ። ማሞቂያው እንዴት አድርጎ እንደሚያበላሸው አይቼ ነው ለአቶ ክንዱ የምነግራቸው።»

«የሷ ሲያርባት የሰው ታማስላለች ነው የሚባለው እናንተ ጋ?» አለ ሕዝቅኤል።

«ምን አልህ?»

«ምንም። ያዢ፤ አንሺ።»

የጠዋቱ ዙር እንደተለመደው አማረ። ከምሳ በኋላ አሥራ ሁለት ዘንግ አሰሩ፤ በሳሙና አጠቡ፤ ወደ ሶዳው አወረዱ። ሶዳው ተንተከተከ። አምስት ደቂቃው ሲሞላ እናትዓለም ሰንሰለቱን ሳበች። ማንጠልጠያው በእንፋሎት ተከቦ ቀስ እያለ ከገንዳው ወጣ፤ ዘንጎቹ እየተንጠባጠቡ ከሶዳው በላይ ተንጠለጠሉ። ከዚህ ቀጥሎ ሁለት ክንድ ወደ ግራ ተገፍተው ውኃው ውስጥ መግባት ነው ያለባቸው።

ያን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ ካለው ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴው ደወል ተደወለ።

እጇ በራሱ ሰንሰለቱን ለቀቀ። ስምንት ዓመት እንዲህ ነው። ደወል ስትሰማ ታማትባለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያትና አንድ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ትደግማለች፣ ከዚያ ሥራዋን ትቀጥላለች። በሌላ ጊዜ በዚህ ሰዓት ደወል የለም። በፍልሰታ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴው ቀትር ላይ ነው የሚገባው፤ ከወንጌሉ በኋላ የሚደወለው ደወልም ልክ ከምሳ በኋላ፣ ዘንጉ ከሶዳው በሚወጣበት ሰዓት ይደርሳል። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ተቀድሶ ያበቃል። ይህን ሁሉ ታውቀዋለች፤ እንደ ስሟ ታውቀዋለች። ከአልሙኒየሙ ጋር አገናኝታው ግን አታውቅም። ማን ያገናኘዋል?

አማተበች። ዓይኗን ልትጨፍን አለችና ጠዋት ያለችው ትዝ አላት፤ ከብረቱ ላይ አልነቅልም ብላለች። ብላለች ማለት ብላለች ነው። ዓይኗን ገልጣ ጸሎቷን ጀመረች።

እንደጀመረች ዘንጎቹ ረጥበው ያብረቀርቁ ነበር። ትንሽ እንደሄደች ከላይኛው ጫፍ ላይ ርጥበቱ መሸሽ ጀመረ። ብረቱ ከትኩስ ሶዳ ስለወጣ ራሱ ምድጃ ነው፤ ውኃውን ከላይ ወደ ታች እየጠጣ ሶዳውን በላዩ ላይ ያስቀረዋል። ውኃው በሸሸበት ቦታ ላይ ነጭ መስመር ቀረ። አንዱ ጠብታ በዘንጉ ጠርዝ ወረደ፤ በመንገዱ ሁሉ ሲበላ አየችው። ወዲያው ሌላው ተከተለው። በሰላመን ስትጀምር ዘንጎቹ እስከ ወገባቸው ደብዝዘው ነበር።

ጸሎቷን አላቋረጠችም። የጀመረችውን ጨርሳ፣ አማትባ፣ ሰንሰለቱን ይዛ ማንጠልጠያውን ውኃው ውስጥ ነከረችው። ከዚያ ቆመች።

ሕዝቅኤል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቦቲውን እያየ ይጠብቃት ነበር።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትጠብቀኝ?»

«አዎ።»

«ስንት ጊዜ ነው የምቆመው?»

«ሰዓት አይቼ አላውቅም። ጸሎትሽ እስኪያልቅ ነዋ።»

«ከሶዳው አውጥቼ እንደምቆም ታያለህ፤ ለምን አልነገርኸኝም?»

ሕዝቅኤል ትከሻውን ሰበቀ። «የሰው ጸሎት እንዴት ላቋርጥ? እኔ ብጸልይ አንቺ ታቋርጪኛለሽ?»

«አላቋርጥህም።»

«ታዲያ።»

«ቅዳሜ ያቺ ልጅ ምን ተለየ ስትልስ?»

«ልናገር ነበር። ጴንጤው የፍልሰታ ጸሎቷን አስተዋት ትሉኛላችሁ ብዬ ተውኩት። ደግሞም እርግጠኛ አልነበርኩም።»

እናትዓለም ወደ ገንዳው ዞረች። ዘንጎቹ ውኃው ውስጥ እያሉ ጎንበስ ብላ አየቻቸው። መስመሩ እዚያው አለ፤ ኤሌክትሪኩ ገንዳ ገብቶ ሲወጣ ደግሞ ይብስበታል።

ገንዳው ጠርዝ ላይ ተደግፋ አሰበች። ድሮ ሶዳው ለብ ያለ ስለነበር ብትቆም ባትቆም ለውጥ አልነበረውም። ነገ ኤሌክትሪክ ሠሪው መጥቶ ማሞቂያውን ከነቀለው ሶዳው ይቀዘቅዛል። ሶዳው ከቀዘቀዘ እሷም እንደልቧ ትጸልያለች፤ መስመሩም ይጠፋል። ሁሉም ሰው እናትዓለም እውነቷን ነበር ይላል። አንድ ቃል መናገር አያስፈልጋትም። ዝም ማለት ብቻ ነው። ሕዝቅኤል እንደሆነ አይናገርም፤ ሲጠብቃት ኖሯል፣ ነገም ይጠብቃታል።

ከዚያ ያቺ ልጅ መነጽሯን ስትጠርግ ታየቻት። የኔታም ታዩዋት። በለብታ ሶዳ አንዱ ዙር ሦስት እጥፍ ይፈጃል፤ የተበላሸው ሠላሳ ስድስት ዘንግ ተልጦ እንደገና እስኪሠራ አሥራ አራቱ ያልፋል፤ ጀልባው ባዶውን ይሄዳል። ይኼ ሁሉ እውነት ነው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ሌላ ነገር ከበዳት፤ በጸሎት ላይ ቆማ ያየችውን እንዳላየች ልታደርገው ነው። ያንን እንዴት ይዛ ነገ ደወሉ ሲደወል ታማትባለች?

ከጥጉ ሁለት የአልሙኒየም ቁራጭ አነሳች። ሁለቱንም በሽቦ አስራ ሶዳው ውስጥ ነከረቻቸው። አንደኛውን እንዳወጣች ውኃ ውስጥ ከተተችው። ሁለተኛውን አውጥታ አየር ላይ ያዘችና አንድ አቡነ ዘበሰማያት፣ አንድ በሰላመ ደገመች፤ ያን ጊዜ ነው ውኃ ያገኘው። ሁለቱንም አሲድ አስነክታ፣ አጥባ፣ ጋዜጣ ላይ አጋድማ ወደ ማህሌት ክፍል ገባች።

ማህሌት ስለ ማሞቂያው ለአቶ ክንዱ የምትሰጠውን ወረቀት እየጻፈች ነበር። ቀና አለች።

«ይቺ ንጹሕ፣ ይቺ ዝንጉርጉር» አለች እናትዓለም። «አንድ ሶዳ ነው። አንድ ሙቀት ነው።»

ማህሌት ቁራጮቹን አገላበጠቻቸው። «ምን አደረጉት?»

«ይችኛዋን ጸለይሁባት።»

ልጅቱ የቀልድ መስሏት ፈገግ አለች፤ ፊቷን አይታ ፈገግታዋን ተወችው። እናትዓለም ቆማ ነገረቻት፤ ደወሉን፣ ፍልሰታን፣ ቅዳሜን። አላሳጠረችም፣ አላሳመረችም። ማህሌት የእጅ ሰዓቷን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ አንገቷን ደፍታ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች አቡነ ዘበሰማያት ደገመች፣ በሰላመ ደገመች፣ ሰዓቱን አየች።

«አንድ ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ» አለች። «በዚህ ሙቀት ከሃያ ሴኮንድ በላይ አየር ላይ መቆየት አልነበረበትም። ማሞቂያው ሲገባ ይህን ልነግርዎት ይገባኝ ነበር እትዬ። ፈጥነው ነው የሚያወጡት ብዬ ዝም አልሁ። ከሶዳው ጋ ቆሜ አይቼ አላውቅም፤ ናሙናውን እየለካሁ እዚህ ነው የምቀመጠው።»

«አንቺ ልጅ ነሽ።»

«ልጅ አይደለሁም።»

«እንግዲያው አይደለሽም። ነይ፤ አብረን እንሂድ።»

አቶ ክንዱ ሁለቱን ቁራጮች እጃቸው ላይ አድርገው አገላበጧቸው። እናትዓለም ነገሩን ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከነገረቻቸው በኋላ ጓንቷን አውልቃ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠች።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ።

«ቃሌ ነው። በኔ እጅ ከመጣ ማሸጊያ ቤት እገባለሁ ብዬ የለ?»

«ተይ እባክሽ። በንዴት የተባለ ነው። ደወሉን ስትሰሚ አትቁሚ፤ በቃ፤ አለቀ።»

«እቆማለሁ እንጂ።»

«እንዴት?»

«ደወል ተደውሎ እንዴት ዝም ብዬ ሰንሰለት እስባለሁ? እኔ አልችልበትም። ዘንጉ በዚያ ሰዓት ውኃ ውስጥ ይሁን። ከምሳ በኋላ ቶሎ ከተነከረ ደወሉ ሳይደርስ ውኃ ይገባል። ከዘገየ ደግሞ አይነሳም፣ ሶዳው ውስጥ አይወርድም፣ ይጠብቃል።»

«ደወሉ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ በምን ይታወቃል? አንዳንዴ ይረዝማል።»

«በድምፅ ማጉያው ይሰማል እኮ። ወንጌሉ ሲነበብ ገና ብዙ ጊዜ አለ፤ አንድ ዙር ያስነክራል። ከወንጌሉ በኋላ ከሆነ አይጀመርም።»

ማህሌት ደብተሯን አውጥታ ጻፈች፤ «ወንጌል ከተነበበ በኋላ ሶዳ ውስጥ አይገባም» ብላ። እናትዓለም የጻፈችውን አጮልቃ አየች፤ ፊደሏን እየቆጠረች አነበበችው፤ ደህና ነው አለች።

«እንግዲህ መፍትሔ ከተገኘ ማሞቂያው ይቆይ፤ አንቺም ጓንትሽን አንሺ» አሉ አቶ ክንዱ።

«በጾሙ ነው የማልሁት።»

«እናትዓለም፣ ሠላሳ ስድስት ዘንግ እንደገና ሊላጥ ነው። የኔታ ይጠብቁኛል። አሁን ግትርነትሽን ምን አመጣው?»

«በጾሙ ምዬ በጾሙ ውስጥ ልጣሰው? ጾሙ ሲፈታ እመለሳለሁ። እስከዚያ ማህሌት ሰንሰለቱን ትያዝ። ሰዓት አላት፤ ጆሮ ደግሞ እኔ ማሸጊያ ቤት ሆኜ አውሳታለሁ።»

አቶ ክንዱ ማህሌትን አዩ። ማህሌት እናትዓለምን አየች። ከሁለቱ ማንም ሊረታት እንደማይችል ከፊታቸው ያስታውቃል። ማህሌት ጓንቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና አጠለቀችው፤ ሰፋት።

ማክሰኞ እናትዓለም ማሸጊያ ቤት ዝቅ ያለች ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላት፤ ምን ሆነሽ ነው ብለውም አልጠየቋት፤ ቀድሞ ሰምተዋል። ፕላስተሩን ስትስበው የሚያሰማው ድምፅ አናደዳት። መጀመሪያ የለጠፈችው ካርቶን ጠመመ። ነቅላ ለጠፈችው፤ ሁለተኛም ጠመመ።

ከግድግዳው ማዶ የተበላሹት ዘንጎች ተልጠው ለሁለተኛ ጊዜ ሊነከሩ ነበር። ከምሳ እንደተመለሱ ወዲያው አሰሯቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ዲያቆኑ መልእክት ሲያነብ ይሰማል።

«እትዬ፣ ላውርድ?» ብላ ማህሌት ተጣራች።

«አውርጂ። ወንጌሉ ገና ነው።»

ሶዳው ሲንተከተክ በግድግዳው አልፎ መጣላት። ደህና ነው፤ ብርቱ ነው። አምስት ደቂቃ። ሰንሰለቱ ሲንቀጫቀጭ ሰማች፤ የማህሌት አሳሳብ ገና ጎታታ ነው፣ ትንሽ ይይዛል፣ ትንሽ ይለቃል።

«በአንድ ትንፋሽ ሳቢው» አለች እናትዓለም፤ ጮክ ብላ ሳይሆን ሕዝቅኤል እንዲያደርስላት ያህል።

«በአንድ ትንፋሽ አለች» ሲል ሰማችው።

ቀጥሎ ውኃው ቦጭ ሲል ሰማች። ቆጥራ ነበር፤ አሥራ አምስት አልሞላም።

ወንጌሉ ተነበበ። ካርቶን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ለጠፈች፤ ሦስተኛው ቀና። ከዚያ ደወሉ ተደወለ። እናትዓለም ፕላስተሩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች፤ አማተበች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ካርቶን አይደርቅም፣ አይበላም፣ የትም አይሄድም፤ ቀስ ብላ ደገመች፣ እንዲያውም ስለ ባሏ ሦስት ቀን ጾምም አንድ ጨመረች። ከግድግዳው ማዶ ምንም ድምፅ አልነበረም፤ እዚያም ሁለቱ ቆመው እየጠበቁ ነው።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ማህሌት አንዱን ዘንግ በሁለት እጇ ይዛ ገባች። ላቧ ግንባሯ ላይ ነው፤ ጋዋኗ እስከ ክርኗ ርሷል። ዘንጉን እናትዓለም ጉልበት ላይ አጋደመችላት።

እናትዓለም ወደ መስኮቱ ዞር አደረገችው። ባዶ ጣቷን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬደችበት። ገለበጠችው፤ በሌላው ጎንም አስኬደችበት። ጠርዙን አየች፤ ሽቦው የታሰረበትን ቦታ አየች፤ ነውር ልታገኝበት የፈለገች ትመስላለች። አላገኘችም።

«ሶዳው ደህና ነው ብዬሽ ነበር» አለች።

«ብለውኝ ነበር» አለች ማህሌት።

እናትዓለም ዘንጉን በስስ ወረቀት ጠቀለለችው፤ ጫፉን አጠፈች፤ ፕላስተር ቆረጠችለት።

«ሌላውን አምጪ» አለች። «ሁሉንም አያለሁ።»